የአባት ዘመን፣ የእናት ዘመን፣ የልጅ ዘመን፦ እውነት ወይስ ተረት?

ወሬ ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ ታሪክ ላይ ሲደርስ የማይቀር አንድ አከፋፈል አለ። የጃንሆይ ዘመን የአባት ዘመን ነበር ይባላል፤ ቤቱ ሁሉም የሚፈራው ጌታ ነበረው። ቀጥሎ ደርግ «እናት ሀገር» እያለ መጣ፤ ያ የእናት ዘመን ነው፤ የምታለቅስ፣ ልጆቿን ለጦር ሜዳ የምትመርቅ እናት። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ደግሞ የልጆች ዘመን ነው፤ ወንድማማች ርስት ተካፍሎ በየፊናው ጎጆ የወጣበት። በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በሬዲዮ ውይይት፣ በልቅሶ ድንኳን ሳይቀር ይህ ይነገራል። አጭር ነው፣ ለጆሮ ይጥማል፤ የሰማው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

ይህንኑ ነገር ይዘው ወደ ኢሉባቦር ቢወርዱ ግን ያስቸግራል። ጎሬ ንጉሥ በሌለበት የመንግሥት መቀመጫ ሆና የሰነበተች ከተማ ናት። መቱ በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩን ዋና ከተማነት ከጎሬ የተረከበች ናት። ቢሎ ኖፓ ዛሬ የያዩ የቡና ደን ባዮስፌር ከሚያካልላቸው ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ገባርነትን፣ የመሬት አዋጅን፣ ሰፈራን፣ የይዞታ ደብተርን በተራ ያየ አገር። ሦስቱም ዘመን በዚህ አልፏል። ያለፈው ግን አከፋፈሉ በሚለው መንገድ አይደለም።

ሐሳቡ ራሱ የኛ ፈጠራ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዮአኪም ዘፊዮሬ የሚባል የደቡብ ጣሊያን መነኩሴ ታሪክን የአብ፣ የወልድና የመንፈስ ቅዱስ ዘመን ብሎ ከፍሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ስዊዘርላንዳዊው ባኾፈን ደግሞ ከአባት ሥልጣን በፊት ዓለም ሁሉ በእናት ሥልጣን ሥር ነበር ብሎ ጻፈ፤ በኋላ የመጡ የኅብረተሰብ ተመራማሪዎች ማስረጃ አላገኙለትም። ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመን የአሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር የሊን ሃንት ሥራ ነው። ሃንት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የፈረንሳይ አብዮተኞች ንጉሡን እንደ አባት፣ ንግሥቲቱን እንደ ክፉ እናት፣ ራሳቸውን እንደ ወንድማማች ይስሉ እንደነበር አሳይታለች። ነገር ግን የምትመረምረው ሥዕሉን፣ ልቦለዱንና የአደባባይ ንግግሩን ነው፤ የፈረንሳይ ገበሬ ቤት ውስጥ እንዲህ ይኖር ነበር አላለችም። እኛ ቡና ላይ ስንቀመጥ ይህን ልዩነት እንዘለዋለን።

«የንጉሡ ዘመን የአባት ዘመን ነበር»

ግማሹ እውነት ነው። ልጆች «አባባ ጃንሆይ» ይሏቸው እንደነበር ያልሰማ የለም፤ ምስሉን ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ይወዱት ነበር። ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወስደው አዲስ አበባ አምጥተዋል፤ «አርባ ልጆች» የተባለው የሙዚቃ ጓድ የተገኘው ከዚያ ነው። የጓዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የሠሩት የዘመኑ ብሔራዊ መዝሙር ግን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ነው። አባት በዙፋኑ፣ ሴት በመዝሙሩ።

ወደ ኋላ ቢሄዱ ነገሩ ይብሳል። ጦር የመራው፣ ግብር ያስገበረው ምኒልክ በሕዝብ አፍ «እምዬ» ነው። ክብረ ነገሥት የሥርወ መንግሥቱን ጅማሬ ሲተርክ ማዕከሉ ላይ ያለችው ማክዳ ናት፤ ልጇ ያለ አባት አድጎ አባቱን ፍለጋ ኢየሩሳሌም ይሄዳል፣ ታቦቱን ይዞ ወደ እናቱ አገር ይመለሳል። ራሱን «የአባት» የሚያሰኝ ዙፋን መሠረቱ እናትና ልጅ መሆናቸው ለአከፋፈሉ አይመችም።

ኢሉባቦር ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ የማን አባት? በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ተሰማ ናደው የምኒልክን ጦር መርተው ገብተው ጎሬን መቀመጫቸው ሲያደርጉ ገበሬው ገባር ሆነ። ገባር ማለት ግብር ሰጥቶ የሚያርፍ ሰው አይደለም። ለነፍጠኛው ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይሸከማል፣ ዕቃ ያጓጉዛል። ሚስቱ እህል ልትፈጭ፣ ውኃ ልትቀዳ ትጠራለች። እቤቱ ሲገባ አባወራ፣ ደጅ ሲወጣ የሰው ሎሌ የሆነን ሰው የአንድ ዘመን የሥልጣን ምሳሌ አድርጎ መውሰድ ይከብዳል። ልጁ ይህን እያየ ነው ያደገው። አባት የሚባለው ምስል ከዙፋኑ ወደ ጎጆው ሲወርድ ጉልበቱን መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚደርሰው።

እንግዲያ ያ ቁጡ፣ ቤቱን ሁሉ የሚያንቀጠቅጠው አባት ከየት መጣ? ከሁለት ምንጭ ይመስለኛል። አንዱ አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት «ሰምና ወርቅ» ነው፤ ሌቪን ገጠር ወርደው የኖሩት መንዝ ነው፤ አንባቢው ግን የመንዝን ቤት የኢትዮጵያ ሁሉ ቤት አድርጎ ወሰደው። ሁለተኛው የሐዲስ ዓለማየሁ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመ ወዲህ የፊውዳል አባት ሲባል እሳቸው ናቸው ዓይን ላይ የሚመጡት። መሸሻን ግን ደራሲው ሲስቁባቸው ነው የጻፏቸው፤ ገባሮቻቸው አምፀው ይማርኳቸዋል፣ የገዛ ልጃቸው ታመልጣቸዋለች። እኛ ከመጽሐፉ ቁጣቸውን ወስደን ውርደታቸውን ተውነው።

ለኢሉባቦር የዚያን ዘመን መጀመሪያ በቤተሰብ ስም መጥራት ግድ ከሆነ «የሞግዚት ዘመን» ቢባል ይቀርባል። ምኒልክ ታመው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ሲባሉ ሞግዚትና እንደራሴ የሆኑት እኚሁ የጎሬው ገዥ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናቸው። ሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጅ ኢያሱ ሌላ ሞግዚት አልተሾመላቸውም። አያቱ አልጋ ላይ፣ ሞግዚቱ መቃብር፣ ልጁ ለብቻው፤ ይህ ሁሉ «የአባት ዘመን» በተባለው ውስጥ ነው።

«ልጅ አባቱን ይተካል፤ ዘመን የሚቀየረውም እንደዚያ ነው»

በኢሉባቦር ዘመንን በትውልድ መቁጠር ከየትኛውም የአውሮፓ ፈላስፋ በፊት የታወቀ ነገር ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ሰዎች እንደሚገምቱት አይደለም። የኢሉ ኦሮሞ ኦዳ ዶጊ ላይ ተሰብስቦ በገዳ ይተዳደር ነበር። በገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ምድቦቹ አምስት ናቸው፤ ዙሩ በ40 ዓመት ይሞላል። ዘመኑም በአባ ገዳው ስም ይጠራል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ልጅ ወደ ገዳ የሚገባው በዕድሜው ሳይሆን በአባቱ ቦታ ተቆጥሮ ነው፤ በአባትና በልጅ ሥልጣን መካከል 40 ዓመት ሙሉ ይቆማል። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት በቦረና ላይ አስልተው እንዳሳዩት፣ በዚህ ሥርዓት አንድ ሰው አባቱ ከሸመገለ በኋላ ከተወለደ ገና ድክ ድክ እያለ በማዕረግ ትልቅ ሊሆን፣ አባቱ ገና ወጣት ሳለ ከተወለደ ደግሞ ሽማግሌ ሆኖም ታች ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በገዳ ልጅ አባቱን ገልብጦ አይተካም። በመካከላቸው ሌሎች አራት ምድቦች፣ የሌሎች ሰዎች አባቶችና ልጆች፣ ተራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። «አባት ወረደ፣ ልጅ ወጣ» የሚለው የሦስት ዘመን ተረት ለዚህ ሒሳብ እንግዳ ነው።

ሴቶቹም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አልነበሩም። አንዲት ሚስት ስትበደል ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ የበደለው ወንድ ክሶ ዕርቅ እስኪያወርድ ነገሩ አይበርድም። የሴቶቹ ሥርዓት አቴቴ ሲከበርም ቤቱን የምትመራው እናት ናት። የወለደ ብቻም አይደለም አባት የሚባለው፤ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ከሥጋ ልጅ እኩል ይወርሳል፣ በሞጋሳ ደግሞ አንድ ጎሣ በጅምላ የሌላ ጎሣ ልጅ ይሆናል። በምኒልክ ጦር ማግሥት ገዳ ቢዳከምም እነዚህ አልጠፉም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ገዳ በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ብዙ ሰው እንደ አዲስ ነገር ሰማው እንጂ ኖፓ ላይ ጉዲፈቻ ያልነካው ዘመድ ማግኘት ያን ያህል ቀላል አልነበረም።

«በ1928 ንጉሡ ሲሰደዱ ቤቱ አባት አልባ ሆነ»

ተረት ነው፤ ተረትነቱን በደንብ የምትመሰክረው ጎሬ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው ሲወጡ መንግሥት ወደ ጎሬ ዞሯል። አዛውንቱ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ያለውን አስተዳደር መሩ፤ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ እንደራሴ ሆነው ከጎጃም ተነሥተው ወደ ምዕራብ ዘለቁ። ነቀምት ላይ የሆለታ ወጣት መኮንኖችና የተማሩ ሰዎች በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት «ጥቁር አንበሳ» የሚባል ማኅበር መሥርተው ከራስ እምሩ ጋር ተሰለፉ። ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያ ጉዞ ከራስ እምሩ ጋር ነበሩ፤ ፊታውራሪ መሸሻን የፈጠረው ብዕር ጎሬን አይቷል ማለት ነው።

«አባት አልባ» የሚለው ሁለት ነገር ይደብቃል። የመጀመሪያው ትግሉን የያዙት የንጉሡ ወንድም የሚያህሉ ሰውና ልጆቹ የሚሆኑ ወጣቶች ጎን ለጎን መሆናቸው ነው። እምሩ የንጉሡ ዘመድ ናቸው፤ ሐረር ላይ አብረው አድገዋል። ጥቁር አንበሶቹ ደግሞ ገና ከትምህርት ቤት የወጡ ናቸው፤ በማኅበራቸው ደንብ ወታደሩን ለሲቪሉ አመራር አስገዝተዋል። ማንም «አባታችን ጠፋ» ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

ሁለተኛውን ማንሣት ብዙ ሰው አይወድም። በ1928 ክረምት የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ተሰብስበው፣ ጎሬ በነበረው በእንግሊዝ ቆንስል በካፒቴን ኧርስኪን በኩል፣ በመንግሥታት ማኅበር ስም እንግሊዝ ጥበቃ እንድታደርግላቸው ጠይቀዋል። ለእነሱ የሄደው አባት አልነበረም፤ በነፍጥ የመጣ ገዥ ነበር። ከአዲስ አበባ ሲታይ ልጅ ያለ አባት የቀረበት፣ ከአገሩ ሰው ደጃፍ ሲታይ ግን ቤቱን የራሱ ለማድረግ የሞከረበት ያው አንድ ክረምት ነው። ሁለቱም ወገን በዚያች ትንሽ ከተማ፣ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ቡና በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን በሚልኩባት ከተማ፣ መንገድ ላይ እየተላለፉ ሰላም ይባባሉ ነበር ማለት ነው። የጎሬን ታሪክ ያለ ሁለቱ መጻፍ አይቻልም።

ጣሊያን ጎሬን በኅዳር 1929 ዓ.ም. ያዘ። ራስ እምሩ ታኅሣሥ ላይ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ተማረኩ፤ ሐዲስም አብረው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። በዚያው ሰሞን ጎሬ ላይ የተፈጸመውን ግን ከኢሉባቦር ውጭ ብዙ ሰው አያውቅም። «ፋሺስት የገደላቸው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው» ሲባል እንሰማለን፤ አዲስ አበባ ላይ ሐውልታቸው ስለቆመ ልክ ነው፣ ግን አልተሟላም። የምዕራቡ ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም አንገዛም ብለው በጎሬ ተገድለዋል። አባት የሚለው ስም በትክክል የሚገባቸው ሰው ካሉ እሳቸው ናቸው፤ ነገር ግን በዘመን ምሳሌነት ማንም አይጠራቸውም። ምሳሌ የሚሆነው አደባባይ ያለው ነው።

«አብዮቱ ልጆች በአባቶች ላይ ያነሡት አመፅ ነው»

ይህን ለማፍረስ የራስ እምሩ ቤት ብቻ ይበቃል። «ቀዩ ራስ» ይባሉ ነበር፤ መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው የሰጡ መስፍን ናቸው። ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ በሐምሌ 1966 ዓ.ም. የዘውዱ የመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን እስኪያወርድ። ሴት ልጃቸው ዮዲት እምሩ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሴት አምባሳደሮች አንዷ ናቸው። ራስ እምሩ በ1972 ዓ.ም. ሲያርፉ በክብር የቀበራቸው ያው ደርግ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ማን አባት፣ ማን አመፀኛ ልጅ ነው?

የንጉሡም ቤት እንደዚያው ነው። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ንጉሡ ብራዚል ሳሉ የአመፀኞቹን መግለጫ በሬዲዮ ያነበቡት የገዛ ልጃቸው አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ናቸው። አንብብ ተብለው ተገደው ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። በ1967 መጀመሪያ ደግሞ ደርግ አባትየውን አውርዶ እሳቸውኑ ንጉሥ አደርጋለሁ ብሎ አወጀ፣ ብዙ ሳይቆይም ዘውዱን ጭራሹን አጠፋው። ልጁ ሁለት ጊዜ በአባቱ ላይ ተሰለፈ ተብሎ ተነገረለት፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሰለፉት ወታደሮች ናቸው።

እርግጥ ነው፣ የተማሪዎቹ ትውልድ አባቶቹን ተከራክሯል። ታኅሣሥ 1967 በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ሲወርዱ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሽበታሙን ገበሬ ፊደል ያስቆጥር ነበር። የካቲት 25 መሬት ሲታወጅ የገበሬ ማኅበር አደራጅቶ ጭቃ ሹሙን ከነማዕረጉ ያሰናበተው ብዙ ቦታ ይኸው ልጅ ነው። ነገር ግን ኢሉባቦር ላይ የደረሰው ዘማች የማን ልጅ ነበር? የኖፓ ገበሬ ልጅ አይደለም፤ የከተማ ልጅ ነው። ገበሬው ነፃ ያወጣኝ ልጄ ነው አላለም፣ እንግዳ መጥቶ መሬቴን መለሰልኝ ነው ያለው። የመሬቱን ጉዳይ በአባትና በልጅ ጠብ መተርጎም የገባርና የባለ ርስትን ጠብ ወደ ጓዳ ማስገባት ነው፤ ጓዳ የገባ ጠብ ደግሞ ሽምግልና ይበቃዋል ወደሚል ይመራል።

«የደርግ ዘመን የእናት ዘመን ነበር»

መፈክሩ የእናት ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበር መንግሥቱ «የእናት ሀገር ጥሪ» ሲያሰሙ ገበሬው ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፤ የሶማሊያን ወረራ የመከተው ሚሊሺያ የተሰበሰበው በዚያ ስም ነው። «እናት ሀገር ወይም ሞት» ግን ብቻውን የበቀለ መፈክር አይደለም፤ ካስትሮ እ.ኤ.አ. በ1960 ሃቫና ላይ ካሰሙት ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። ሶቪየቶችም እ.ኤ.አ. በ1941 ወታደር ሲጠሩ ፖስተሩ ላይ ያቆሟት እናትን ነበር። እናት የምትሳለው ልጅ ሲፈለግ ነው፤ ይህ በየትም አገር አንድ ነው። ሌላም አለ፤ ከደርግ በኋላ በ1984 የመጣው መዝሙር ርዕሱ «ወደፊት ገስግሺ ውድ እናት ኢትዮጵያ» ነው። የእናት ዘመን አለፈ በተባለ ማግሥት እናት መዝሙሩ ላይ ናት።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰብ ራስ ነው ይላል፤ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ትታዘዘው ዘንድ ይደነግጋል። የጋብቻ ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ነበር። ይህ የንጉሡ ሕግ ነው። አብዮቱ ባላባቱን፣ ጭሰኝነቱን፣ ዘውዱን ሲጠራርግ ይህ አንቀጽ የት ሄደ? የትም። ሙሉ አሥራ ሰባት ዓመት «እናት ሀገር» እየተባለ ሲዘመር እቤት ውስጥ በጽሑፍ ያለው ጌታ ባል ነበር። የተሻረው በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ ኦሮሚያ ላይ ደግሞ በ1995 በወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። በመንግሥት ሲቆጠር ሦስት ዘመን ያለፈበት አንቀጽ ነው፤ በቤት ሲቆጠር ግን አንድ ዘመን።

የመሬት አዋጁም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። አዋጅ ቁጥር 31/1967 ፆታ ሳይለይ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር ይሰጣል ይላል። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን የቤቱ አባወራ ስም ነው። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ቤት ሁለተኛዋ መዝገቡ ውስጥ ባሏን ተደግፋ ነው የምትኖረው፤ ከተፋታች መሬቱም ይፈታታል። ጥቅምት ላይ ቡና ሲቀላ ግን ለቀማው የሷና የልጆቿ ነው፣ አልጋ ላይ አስጥታ የምታገላብጠው እሷ ናት፣ ጨውና ሳሙና የሚገዛው እሷ በጣሳ ከምትሸጣት ጀንፈል ነው። የቡናውን ጆንያ የሚያስጭነው፣ ገንዘቡን የሚቆጥረው፣ መዝገቡ ላይ የሚፈርመው እሱ። የእናት ዘመን እናት ይህች ናት።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሰፈራው መጣ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ድርቅ ያፈናቀለው ወደ 600,000 የሚደርስ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጋዝ፣ ኢሉባቦር ብዙ ከተቀበሉት አንዱ ነበር። ብዙዎቹ «ስግሰጋ» በሚባለው አሠራር በነባሩ ገበሬ ማኅበር መካከል ገቡ፤ ጎጆ የሠራላቸው፣ መጀመሪያ እህል ያዋጣላቸው የአካባቢው ገበሬ ነው። በግርግሩ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩበት ቤት ብዙ ነው። እናት የሚለው ቃል ከየሬዲዮው በሚወርድበት ሰሞን፣ እናትን ከልጅ ለይቶ መኪና ላይ የጫነው ያው መንግሥት ነው። እዚህም የቆሰለውን ቤት የጠገነው የአገሩ ልማድ ሆነ፤ ልጅ የሌለው ጎረቤት ወላጅ የሌለውን ልጅ ወሰደ። የወሎ ስም ያላቸው ኦሮምኛ አፍ የፈቱ ጎልማሶች ዛሬ በኢሉባቦር ከተሞች ቡና ሲነግዱ ማየት ብርቅ አይደለም።

አንድ የጎን ወሬ ሳልጨምር ባልፍ ይቆጨኛል። በዚያው የእናት ዘመን በተባለው ኢሉባቦር ላይ ገበሬው «አቦ» (አባት) ብሎ የጠራው ሰው ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ ነው። ካርልሃይንዝ በም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በ«ሲሲ» ፊልሞች ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍን ሆኖ የተጫወተ ነው፤ በ1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ውርርድ ይዞ ገንዘብ አሰባሰበ፣ «ሰው ለሰው» የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ፣ ኢሉባቦርም ወርዶ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የውኃ ጉድጓድ ሠራ። መቱ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል ስሙን ይዟል፤ አብዲ ቦሪ የሚባለው የሕፃናት ማሳደጊያም እዚያው መቱ ነው። ጃንሆይን ባወረደ መንግሥት ሥር የፊልም ንጉሠ ነገሥት አባት ተብሎ ተጠራ። ምሳሌ ፈላጊ ቢጠፋ እንኳ እዚህ ላይ ይፈጠራል፤ ገበሬው ግን የጠራው ለምሳሌ አይደለም፣ ለሠራለት ነገር ነው።

«አሁን የልጆች ዘመን ነው፤ ቤተሰብ የሚባል ፈርሷል»

በመቱና በኖፓ ሳሎኖች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ፎቶ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ለማለት ይቸገራል። አያትየው ከዘራ ይዞ ፎቶ ቤት የተነሣው፣ ዳርና ዳሩ ቢጫ የሆነ ጥቁርና ነጭ አለ። ከጎኑ የሚሊሺያ ልብስ የለበሰ አጎት። ከሥሩ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከመቱ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር ካባ የተመረቀች የልጅ ልጅ። ሦስት ዘመን ነው ብሎ ለመተርጎም ያጓጓል። ግን ከዘራ የያዘው ሰው ገባር ነበር፣ አጎትየው የሞተው በእናት ስም ነው፣ ምሩቋ ደግሞ ደሞዟን በየወሩ ለእናቷ ትልካለች፤ ምሳሌዎቹ ከፎቶው ጋር አይገጥሙም።

ቤተሰብ ፈረሰ ከሚለው ይልቅ ተመዝግቦ ታየ ቢባል ይቀርባል። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫው በሁለቱም ስም ይዘጋጅ ብሏል፤ የኦሮሚያው አዋጅ ቁጥር 130/1999ም እንዲሁ። ቢሎ ኖፓ ላይ ደብተሩን የያዘች ሴት ስሟን ከባሏ ስም አጠገብ ታየዋለች። አያቷ በሕይወቷ ሙሉ ስሟ መሬት ላይ ተጽፎ አላየችም። ይህ ለውጥ የመጣው በመፈክር ሳይሆን በሁለት አንቀጽና በአንድ የወረዳ ባለሙያ ብዕር ነው፤ ከየትኛውም የዘመን ምሳሌ የበለጠ የሴቲቱን አቋም ቀይሯል ባይ ነኝ። ፍቺ ሲመጣ ሽማግሌው «መሬቱ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ደብተሩ ይወጣል።

ሥራው ግን አላለቀም። ይህንን ደብተር የሚሰጠው ወረዳ የዓመት ሪፖርቱን ሲያዘጋጅ ቤተሰብን «አባወራ» እና «እማወራ» ብሎ ለሁለት ከፍሎ ይቆጥራል። እማወራ ተብላ የምትሰፍረው ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ናት፤ ባል ያላት ሚስት፣ ስሟ በደብተሩ ላይ ከባሏ እኩል ቢጻፍም፣ በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ በአባወራው ቁጥር ሥር ነው ያለችው።